የወተትና የቅቤ ጣዕም ከግርግም ይጀምራል

ላም የምትታለብ ባፏ ነው፤ የበላችው ሁሉ በወተቷና በቅቤዋ ይገለጣልና። የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል በነበረበት ዘመን ለእሪ በከንቱና ለአካባቢው ሠፈሮች ቅርብ ነበር። ኢጣልያኖች አገራችንን ይዘው በነበረበት ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ዋናው ገበያ ወደ መርካቶ ተዛወረ። ሆኖም እመቤቶች ቅቤን አሽትተውና ቀምሰው የመግዛት ልማዳቸው አልቀረም።

ይህም ልማድ ምክንያት አለው። ከክረምት በኋላ ለምለም ሣር የበላች ላም ቅቤ ቢጫ ይሆናል፤ የሣሩ ቀለም ከስቡ ጋራ ይገባልና። በበጋ ደረቅ ድርቆሽ የበላችው ግን ቅቤዋ ይነጣል። ነጭ ሽንኩርት ወይም አብሽ የበላች እንደ ሆነ ሽታው በደምና በትንፋሽ አልፎ ከወተቱ ይደርሳል። ስለዚህ ሽታ ያለው መኖ ከታለበች በኋላ እንጂ ከመታለቧ በፊት አይሰጣትም።

ነገሩ የላም ብቻ አይደለም። ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ ከባሕር ትልና ከባሕር ሣር ተመግቦ ሲያድግ የባሕር ጣዕም ይይዛል፤ በኩሬ ውስጥ በተዘጋጀ መኖ ያደገው ግን ይህ ጣዕም ይጐድለዋል።

በ1947 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ በርዳታ ተሰጡ። እንዲህ ያሉት ላሞች ብዙ ወተት ስለሚሰጡ ሣር ብቻውን አይበቃቸውም፤ ስለዚህ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨመርላቸዋል። ፋጉሎ ወተትን ያበዛል፤ በውስጡ የቀረው ዘይትም ቅቤውን ያለሰልሰዋል።

ነገር ግን ምላስ የማያውቀው አንድ ጕዳት አለ። ፋጉሎ በርጥበት ሲቀመጥ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል፥ ጕበትን የሚጐዳ መርዝ ይወጣል። ይህም ከላሚቱ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ጣዕም የለውም፥ በማፍላትም አይጠፋም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተደርጎ በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመ ጥናት፥ ከ110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው መጠን ያላለፉት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። በብዛት የተወቀሰውም የኑግ ፋጉሎ ነበር።

እንግዲህ ላም ያለው ሰው ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ስፍራ ያኑር፤ የሻገተውን ይጣል እንጂ «ለላም ምን ይላታል» ብሎ አይስጥ። የተበከለው መኖ ሲቀየር ወተቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠራል። ወተት የሚገዛም ሰው ቀምሶ ብቻ አይርካ፤ ላሚቱ ምን እንደምትበላና መኖዋም የት እንደሚቀመጥ ባለቤቷን ይጠይቅ። ከዚያ ወተት የሚጠጡት ከሁሉ አስቀድመው ሕፃናት ናቸውና።