የጥቅስ ቆጠራና የአባት ስም

አንድ ተመራማሪ የጻፈው ለሌሎች ምን ያህል እንደጠቀመ ከሚያሳዩ መንገዶች ሁሉ እኔ የምወደው የጥቅስ ቆጠራን ነው። ብዙዎች ለደረጃ እድገት የሚሞላ ቅጽ እያደረጉት ዋጋው ተረስቷል። አንድ ሐሳብ ከአንድ ጽሑፍ ተነሥቶ የት የት እንደደረሰ፣ ማን ተቀብሎ ማን እንደተሟገተው በእንዲህ ያለ ግልጽነት የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ ግን የለንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጽሑፍ ሌላውን በዋቢነት ሲያነሣ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 ቆጠራውን አደራጅቶ ማሳተም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጎግል ስኮላር ሲመጣ ማንም በነፃ የሚያየው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አቀረበ፦ አሥር ሥራዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው መለኪያው 10 ነው።

ቆጠራው እኛ ዘንድ የት እንደሚሰናከል በምሳሌ እንይ። በአገራችን ስለ ቋንቋና ትምህርት ሲነሣ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለ እና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በር ከፈተ፤ ክልሎች ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ክፍል ግን ይለያይ ነበር። አጥኚዎቹ ይህን ልዩነት አነጻጽረው እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በጥቅሉ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳዩ።

አሁን ስሞቹን ተመልከቱ። ሂውና ቤንሰን የቤተሰብ ስም ናቸው። ቦጋለ ግን የብርሃኑ አባት ናቸው፤ ጥቅስ ቆጣሪው መዝገብ ይህን አያውቅም። መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም ይዞ ሥራውን «ቦጋለ፣ ብ.» ለሚባል ሰው ያስመዘግባል። የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔቶች ደግሞ በልማዳቸው የራሱን ስም ያስቀድማሉ፦ ብርሃኑ ቦጋለ። መኮንንማ «ገብረ ዮሐንስ» ተብለው አንድ ቦታ፣ «ዮሐንስ» ብቻ ተብለው ሌላ ቦታ ሊገኙ ይችላሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ፊደል ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፤ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጉዳቱ በስሌት ይታያል። ስምንት ሥራዎች ያሉት፣ እያንዳንዳቸውም ስምንት ጊዜ የተጠቀሱለት ሊቅ መለኪያው 8 ነው። አራቱ በአባቱ ስም፣ አራቱ በራሱ ስም ከተመዘገቡ ግን በመዝገቡ ላይ ያሉት መለኪያቸው 4 የሆነ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንድም አንባቢ ሳይቀንስ ሊቁ በግማሽ አነሰ።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በ1987 ዓ.ም. ታተመ። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጽ 1987 ብሎ ሲተው መጽሐፉ ከመታተሙ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስላል። ሌላው ወደ 1994 ወይም 1995 ይመልሰዋል፣ ሦስተኛው የ2000 ዓ.ም.ን እትም ይጠቅሳል። አንድ መጽሐፍ በመዝገብ ላይ ሦስትና አራት ሆኖ ይበተናል።

ቢቸና ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉን እንዳይለት ሰጠኝ። በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የሚቸገሩበትን በጥንቃቄ ያጠና ሥራ ነው። በዋቢ ዝርዝሩ ግን አንዱ ሊቅ እዚህ በአባቱ፣ እዚያ በራሱ ስም ተጽፏል። «ኤ.ፒ.ኤ ነው እንዲህ የሚያዘው፣ ጋሼ» አለኝ። ኤ.ፒ.ኤ የተባለው የዋቢ አጻጻፍ መመሪያ የቤተሰብ ስም ይቅደም ይላል እንጂ የሌለህን የቤተሰብ ስም ፍጠር አይልም፤ ይህን ነግሬው አብረን አረምነው።

ቢቸና ያለችበት ምሥራቅ ጎጃም ስም በማዛባት ሊታማ አይገባውም ነበር። በቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን በግእዝ ቅኔ ሲያስቀኝ የኖረ ጉባኤ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከማን እንደተማረ ይጠየቃል፤ የመምህሩም ክብር ባፈራቸው መምህራን ይታወቃል። በዚያ ሥርዓት የመምህርን ስም ማዛባት ነውር ነው።

ቆጠራው የማይደርስበትም አለ። ሞጣ ላይ መምህራን ስለ ልጆች ንባብ ሲወያዩ አንዷ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለእንግሊዝኛም መሠረት እንደሚሆን አስረዳች፤ ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት «ከሥልጠና» አለችኝ። ሥልጠናው ማንን እንደጠቀሰ የሚቆጥር መዝገብ የለም። ስለዚህ የእድገት ኮሚቴዎች የቋንቋ ሊቅን ቁጥር ከሕክምና ተመራማሪ ጋር አስተያይተው «አንሷል» ሲሉ ሁለት ጊዜ ይሳሳታሉ፦ አንድም መስኮቹ የሚጠቃቀሱበት ልማድ ይለያያል፣ አንድም የቋንቋ ሊቅ ሥራ ብዙውን የሚያርፈው ክፍል ውስጥ ነው።

በእጃችን ያለውን ግን እናስተካክል። የኢትዮጵያዊን ስም ከነአባቱ ሙሉውን፣ ራሱ በሚጽፍበት ፊደል ጻፉ። ከዓመቱ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ስም ሲዛባ ሥራን ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። አማካሪዎች ደግሞ የተማሪያችሁን ዋቢ ዝርዝር ሳታዩ አትፈርሙ።