ዘግይተው የሚመጡ የዲዛይን ለውጦችና የጋራ የሕንፃ ሞዴል

የዲዛይን ለውጥ የሚያስከትለው ወጪ በለውጡ ስፋት ብቻ ሳይሆን በመጣበት ጊዜም ይወሰናል። አሜሪካዊው አርክቴክት ፓትሪክ ማክሊሚ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ግራፍ እንዳሳየው፣ ፕሮጀክቱ እየገፋ ሲሄድ በውጤቱ ላይ ተጽዕኖ የማሳደር ዕድል ይቀንሳል፤ የለውጥ ወጪ ግን ይጨምራል። በጋራ ሞዴል የሚሠሩ ባለሙያዎች ሶፍትዌሩ ይህን ችግር በራሱ የሚያቃልል ሊመስላቸው ይችላል። ሶፍትዌሩ የሚያስተላልፈው ግን የቅርጽ ለውጥን እንጂ የምህንድስና ውሳኔን አይደለም።

ለዚህ ሬቪት ጥሩ ማሳያ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ባለሙያ የማዕከላዊውን ፋይል ቅጂ ይዞ ይሠራል፤ ሥራውንም በየጊዜው ከማዕከላዊው ጋር ያመሳስላል። አርክቴክቱና የስትራክቸር መሐንዲሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው ሞዴል አላቸው፤ የአንዱ ለውጥ በሌላው ዘንድ የሚታየው የተያያዘው ፋይል እንደገና ሲጫን ነው።

የግንባታ ሥዕሎቹ ሊወጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አርክቴክቱ አንድ የምሰሶ ረድፍ በ30 ሴንቲ ሜትር አዛወረ እንበል። መሐንዲሱ ምሰሶዎቹን ቀድቶ እንዲከታተላቸው ሶፍትዌሩን አዝዞ ከሆነ ስለ ልዩነቱ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል፤ ለውጡን መከተል፣ ማዘግየት ወይም አለመቀበል የእርሱ ፋንታ ነው። ቢከተለው ምሰሶው በሞዴሉ ላይ ወዲያው ይዛወራል። በአንድ ወገን የረዘመው አግዳሚ የጭነት ስሌትና ቀደም ብሎ ለጨረታ የተላከው የሥራ መጠን ዝርዝር ግን በራሳቸው አይታረሙም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ሞዴሉ የተስተካከለ ይመስላል፣ ከበስተጀርባው ያለው ስሌት ግን የቀድሞው ነው። የግጭት ፍተሻም ይህን አያጋልጥም፤ የሚመረምረው አካላት እርስ በርስ መነካካታቸውን እንጂ የአርማታው ብረት በቂ መሆኑን አይደለምና።

መፍትሔው ያለው በርክክቡ ሥርዓት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 19650 መረጃን በሥራ ላይ ያለ፣ የተጋራ፣ የታተመና በማኅደር የተቀመጠ ብሎ ይለያል። የዘገየ ለውጥ ወደ ተጋራው ደረጃ ከመሸጋገሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፦ ለውጡን ማን ፈቀደ? የትኞቹ ስሌቶችና ሰነዶች ይነካሉ? እያንዳንዳቸውንስ ማን አረጋገጠ? የቀድሞው ቅጂም በማኅደር ሊቆይ ይገባል፤ የተሞላው ኮንክሪት በየትኛው ሥዕል እንደተሠራ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለሆነም ለቀለም ለውጥና ለምሰሶ ለውጥ እኩል ሊሠራበት አይገባም። ጭነት የሚሸከም አካልን የሚነካ ለውጥ ግን፣ ቀኑ የቱንም ያህል ቢያጥር፣ ያለ ማረጋገጫ ሊያልፍ አይገባም።