ጀልባን የሚጥለው ዕድሜ ወይስ ቸልተኝነት?

ምሥራቅ ጎጃምን ዓባይ እንደ መቀነት ዞሮታል። በመኾኑም ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ውኃ ማቋረጥ የኑሮው አንድ ክፍል ኾኖ ኖሯል። በአንድ በኩል ሸለቆውን ወርዶ ወንዙን መሻገር አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ መንገደኛውን ከጣና ሐይቅ ዳር ያደርሰዋል። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ገዳማት ሊሳለም የሚሄድ ምዕመን በዚያ መንገድ ሲመጣ፣ የጉዞውን መጨረሻ የሚያደርገው በጀልባ ነው።

በጣና ላይ ከደንገል ታንኳና ከብረት ጀልባ ጎን የፋይበርግላስ ጀልባዎችም ይሠራሉ። ጀልባ ግን እንደ ማንኛውም ንብረት ያረጃል። ገንዘባቸውን አዋጥተው ያገለገለ ጀልባ ለመግዛት የሚያስቡ ወጣቶችም ኾኑ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሳፈሩ ወላጆች አንድ ጥያቄ ማንሣታቸው አይቀርም፤ ያረጀ ጀልባ ይታመናል? ምላሹ አጭር ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ በዓመታቱ ብዛት ብቻ አይለካም። የሚለካው ውኃ የት የት እንደገባበትና ባለቤቱ ምን ያህል ቀድሞ እንደደረሰለት ነው።

ከሰባራ ድልድይ እስከ ደንገል ጀልባ

ለዚህ አስተሳሰብ ሩቅ ሳይኬድ ከሞጣ በታች ያለው የዓባይ መሻገሪያ ምስክር ይኾናል። በተለምዶ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ይህ የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን የታነጸ ሲኾን፣ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ጎርፍና ክረምት ችሎ ቆሟል። የተሰበረው በእርጅና አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጠላት ጦር እንዳይሻገር መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። እ.ኤ.አ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጋጥሞ ተጠገነ፤ በ2005 ግን ጎርፍ ወሰደው። በ2009 በአካባቢው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶ መሻገሪያው ዳግም ተከፈተ። ያረጀ ሥራ ኹሉ ደካማ እንዳልኾነ፣ አዲስ ጥገናም ኹሉ ዋስትና እንዳልኾነ ይህ ታሪክ ያሳያል።

በውኃ ላይም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ በ1969 አትላንቲክ ውቅያኖስን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሣ፣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ሐይቅ ነበር። "ራ" የተባለችው ባለሸራ ጀልባ በግብፅ ተሠርታ ከሞሮኮ ተነሣች። ብዙ ሳምንታት ተጉዛ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ከተቃረበች በኋላ ግን የኋላ ክፍሏ እየሰጠመ በመሄዱ ተሳፋሪዎቹ ጥለዋት ወጡ። ደንገሉ አልነበረም የከዳቸው። ቀና ብሎ የቆመውን የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋር ወጥሮ መያዝ የነበረበት ገመድ በመጉደሉ ነው። በማግሥቱ ዓመት ስሕተቱ ታርሞ የተሠራችው "ራ 2" በ57 ቀናት ባርባዶስ ገባች። ጀልባን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ትልቁ አካል ሳይኾን ልብ ያልተባለች ትንሽ ነገር ናት።

ድር ቢያብር

ፋይበርግላስ ምን እንደኾነ ለመረዳት "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን ብሂል ማስታወስ ይበቃል። መስታወት ቀልጦ እንደ ክር ሲቀጥን እጅግ ጠንካራ ይኾናል፤ ብቻውን ግን ቅርጽ አይይዝም። ክሩ እንደ ጨርቅ ተሠርቶ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ ይነከራል። ሬዚኑ ሲደርቅ ክሮቹን አንድ ላይ አስሮ ያስቀራል። ንብርብሩ እየተደራረበ የጀልባውን ቀፎ፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚቀመጠውን አካል፣ ይሠራል። በላዩ ላይ ጄልኮት የሚባል ለስላሳ ባለቀለም ሽፋን ይደረግበታል። ይህ ሽፋን ለጀልባው እንደ ቆዳ ነው።

በዚህ መንገድ ጀልባ መሥራት የተጀመረው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ ሲኾን፣ በስፋት ወደ ገበያ የገባው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። በ1959 በኒውዮርክ የጀልባ ትርኢት የቀረበችው "ትራይተን" የተባለች 28 ጫማ ርዝመት ያላት ባለሸራ ጀልባ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በዚያ ዘመን የአዲሱ ቁስ ባሕርይ ገና በደንብ ስላልታወቀ ሠሪዎቹ ቀፎውን አወፍረው ሠሩት። ከእነዚህ ጀልባዎች መካከል ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቆይተው አኹንም በውኃ ላይ የሚገኙ አሉ፤ ዓለምን የዞሩባትም አለች። ቀፎው እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም አይዝግም። ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም።

እርጅናው የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። ጄልኮቱ በፀሐይ ጨረር ቀለሙን ይለቃል፤ ሲነኩት እንደ ኖራ እጅ ላይ ይቀራል፤ ቆይቶም ይሰነጣጠቃል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። የጨረሩ ኃይል በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በጣና ላይ የዋለ ጀልባ በባሕር ጠረፍ ላይ ከሚውለው ይልቅ ይቃጠላል። መከላከያው ውድ አይደለም። ጀልባውን በማይሠራበት ጊዜ በሸራ ወይም በዳስ ጥላ ሥር ማቆየትና በየጊዜው በሰም መወልወል ብዙ ዕድሜ ይጨምራል።

ኹለተኛው ውኃ ነው። ውኃ በጄልኮቱ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ንብርብሩ ሲሰርግ፣ ውስጥ የቀረውን ያልደረቀ ኬሚካል ያሟሟና ቀፎው ላይ እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ የቋጠረ ፊኛ ያወጣል። ብዙ ሰው የጨው ውኃ ይብሳል ብሎ ያስባል፤ በዚህ ረገድ ግን እንደ ጣና ያለ ጨዋማ ያልኾነ ውኃ ይበልጥ ይሰርጋል። ጥቂት ትናንሽ ፊኛዎች ጀልባ አያሰጥሙም፤ ይኹን እንጂ ጀልባው ወጥቶ መድረቅ እንዳለበት ይናገራሉ።

ሦስተኛው ከኹሉ የሚብሰው ነው። የብዙ ጀልባዎች ወለል በኹለት የፋይበርግላስ ንብርብሮች መካከል ኮምፔንሳቶ ወይም ቀላል እንጨት አለበት። የእጅ መያዣ፣ የገመድ ማሰሪያ ወይም የወንበር እግር በቡሎን ሲታሰር፣ የቡሎኑ ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ የዝናብ ውኃ በዚያ ይገባል። እንጨቱ ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። ከላይ ሲታይ አዲስ ቀለም የተቀባ ወለል ከሥሩ እንደ ረጠበ ዳቦ ሊኾን ይችላል።

አራተኛው ብረቱ ነው። ሸራ ባለው ጀልባ ላይ ምሰሶውን ግራና ቀኝ ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶችና ማሰሪያዎቻቸው ከቀፎው ቀድመው ያረጃሉ፤ በየ10 እና 15 ዓመቱ እንዲቀየሩ የሚመከረውም ለዚህ ነው። የማይዝግ የሚባለው ብረት እንኳን አየር በማያገኝበት ስንጥቅ ውስጥ ውኃ ሲይዝ ተበልቶ ይሰነጠቃል። ሞተር ባለው ጀልባ ላይ ደግሞ ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ ከኹሉ በፊት ይታያል።

ከመግዛት በፊት

ያገለገለ ጀልባ ሲታይ ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ፍርዱ ግን ለጆሮና ለእግር ነው። በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ወይም በወፍራም ሳንቲም ቀፎውንና ወለሉን ደረጃ በደረጃ መምታት ይገባል። ጤነኛ ንብርብር ጠንካራና የጠራ ድምፅ ያሰማል። የለቀቀ ወይም የበሰበሰ ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው። በወለሉ ላይ ሲራመዱ የሚረግብ ቦታ ካለ ውስጡ ሄዷል። ከቡሎኖች ሥር ቡናማ የውኃ ዱካ መታየቱም ተመሳሳይ ምልክት ነው።

ሞተሩን ማስነሣት ብቻ አይበቃም። በተለመደው ጭነት ሐይቅ ላይ ወጥቶ መሞከር አለበት። አየር በከፍታ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። በጣና ከፍታ ይህ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። በወረቀት ላይ በቂ የሚመስል ሞተር፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ለመመለስ ሊያንስ ይችላል። እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ በጣና የታየው እምቦጭም መታሰብ አለበት። ሥሩ በሞተሩ መቅዘፊያ ላይ ይጠመጠማል፤ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውንም ይደፍናል፤ ሞተሩም ግሎ ይቃጠላል።

የገንዘቡ ስሌትም ከዚሁ ጋር ይታያል። በሌሎች አገሮች የጀልባ ባለቤቶች ለዓመታዊ እንክብካቤ የጀልባውን ዋጋ 10 በመቶ ገደማ መመደብ ልማዳቸው ነው። ይህ ስሌት ግን ያረጀ ጀልባ በርካሽ ለገዛ ሰው ያታልላል። ሙጫው፣ ቀለሙና የሞተሩ ዕቃ የሚሸጠው ጀልባው በተገዛበት ዋጋ ሳይኾን በዕለቱ ገበያ ነው። ስለዚህ ማኅበር መሥርተው የሚገዙ ወጣቶች ያላቸውን ገንዘብ በሙሉ ለግዢው ቢያውሉት፣ በመጀመሪያው ክረምት ጀልባው ዳር ላይ ይቀራል። የጥገናው ገንዘብ ከግዢው ገንዘብ ጋር አብሮ መዋጣት አለበት።

ጥገናው

የፋይበርግላስ ትልቁ በጎ ጎኑ በእጅ የሚጠገን መኾኑ ነው። ምሥጢሩ ግን ማድረቅና ማስፋት ነው። ርጥብ ቦታ ላይ የተለጠፈ ንብርብር አይያዝም፤ ስለዚህ ጀልባው በበጋ ከውኃ ወጥቶ ለሳምንታት መድረቅ አለበት። ስንጥቁ ላይ ብቻ ስቱኮ ቀብቶ ቀለም መደረብ ጉዳቱን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። የተጎዳው ቦታ እንደ ሳህን ተዳፍኖ ይፋቃል። ቀፎው 1 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ፣ ተዳፋቱ በየጎኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከዚያ በሬዚን የተነከረ የመስታወት ጨርቅ ንብርብር በንብርብር ይሞላል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ ይቀባል።

ለጥገና ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫ ከተለመደው ፖሊስተር ሬዚን ይልቅ አሮጌውን ንብርብር አጥብቆ ይይዛል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ከፍ ይላል። የፖሊስተር ማድረቂያ የሚጨመረው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ሲበዛ ሙጫው ግሎ ይሰነጠቃል፤ ሲያንስ ሳይደርቅ ይቀራል። የቡሎን ቀዳዳዎችም የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፤ በኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅ መካከሉ እንደገና ለቡሎኑ ይበሳል። ከዚህ በኋላ ውኃ ቢገባ እንኳን የሚያገኘው ሙጫ እንጂ እንጨት አይደለም።

የሠራተኛው ጤናም አይዘነጋ። የሚፋቀው ብናኝ ደቃቅ መስታወት ስለኾነ ሳንባንና ዓይንን ይጎዳል፤ የሬዚኑ ሽታም ያዞራል። አፍና አፍንጫን በደንብ የሚገጥም ጭምብል፣ መነጽርና ጓንት የግድ ናቸው። ሥራው አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይከናወናል።

ዓመቱን ተከትሎ

የጣና ውኃ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ከፍ ይላል፤ በበጋው መጨረሻ ዝቅ ይላል። የእንክብካቤው ሥርዓትም ይህንኑ ሊከተል ይችላል። በበጋ ቀፎው ወጥቶ ይደርቃል፤ ይመታል፤ ይጠገናል። ውኃው ሲያንስ የሥር ድንጋዮች ስለሚቀርቡ፣ ከዚያ ወቅት በኋላ የቀፎው ሆድ እንደገና ይታያል። ከክረምት በፊት የቡሎን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ የወለሉ ውኃ ማፍሰሻዎች ይጸዳሉ። ያልተከደነና ማፍሰሻው የተደፈነ ጀልባ ምንም ቀዳዳ ባይኖረው እንኳን በአንድ ሌሊት ዝናብ ሞልቶ ሊሰጥም ይችላል።

ተሳፋሪውም የራሱ ድርሻ አለው። ከመሳፈሩ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን፣ ወለሉ ላይ የተኛ ውኃ አለመኖሩንና ጀልባው ከመጠን በላይ አለመጫኑን ማየት ይችላል። ካልተማመነም መጠየቅ መብቱ ነው። ጀልባው ስንት ዓመቱ እንደኾነ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከውኃ ወጥቶ የታየው መቼ እንደኾነ መጠየቅ ይበልጣል። ይህን ጥያቄ ሳያመነታ የሚመልስ ባለቤት ንብረቱን የሚያውቅ ባለቤት ነው። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው የአበው ምክር ለእሳት ብቻ ሳይኾን ለውኃም ይሠራል። በበጋ በአንድ ቀን የምትደፈን የቡሎን ቀዳዳ፣ ከተተወች በኋላ ሙሉ ወለል ታስቀይራለች።