ቀበቶው የማይደርስባቸው ጡንቻዎች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የወገብ ቀበቶን፣ ወገብ መጎተትንና የኦፒዮይድ ማስታገሻዎችን ከማይመከሩት ሕክምናዎች ጋር መድቧቸዋል። ከሚመከሩት መካከል ታካሚውን ማስተማርና የአካል እንቅስቃሴ ይገኙበታል። ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም፤ በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰው ወገቡን እንደታመመ ይገመታል። እኛ ዘንድ ግን የቀበቶው ገበያ አልቀዘቀዘም፤ «ወገቤን» ያለ ሁሉ «ዲስክህ ተንሸራቶ ይሆናል» ይባላል። ስለ ዲስክ ይህን ያህል ሲወራ፣ ዙሪያውን ስለከበቡት ጡንቻዎች የሚያነሳ ብዙም አይሰማም። በባለሙያዎቹ መንደር ግን ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ከጦፉት ክርክሮች አንዱ በእነዚሁ ጡንቻዎች ላይ ነው።

ከጀርባ ቆዳ ሥር መጀመሪያ የሚገኙት ሰፋፊዎቹ ጡንቻዎች፣ ትራፒዚየስና ላቲሲመስ ዶርሲ፣ ቦታቸው ጀርባ ይሁን እንጂ ሥራቸው የትከሻና የክንድ ነው። ጂም ውስጥ መስታወት ፊት የሚታዩትም እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ከጎድን አጥንት ጋር የተያያዙ ሁለት ጥንድ ስስ ጡንቻዎች አሉ፤ ለአተነፋፈስ ያግዛሉ ይባላል፣ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነው። የጀርባ ባለቤቶች ከዚያ በታች ያሉት ናቸው። የሚለያቸው ጥልቀታቸው ብቻ ሳይሆን ነርቫቸውም ነው፤ ከህብለ ሰረሰር የሚወጣው ነርቭ ለሁለት ሲከፈል ወፍራሙ የፊት ቅርንጫፍ ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ ሰውነት ፊት ይሄዳል፣ ቀጭኑ የኋላ ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ እነሱ ይገባል።

በጉልበት የሚበልጠው ኢሬክተር ስፓይኒ ነው። ከዳሌና ከወገብ አጥንት ተነሥቶ፣ ኢሊዮኮስታሊስ፣ ሎንጊሲመስና ስፓይናሊስ ተብሎ በሦስት ዓምድ ሽቅብ ይወጣል፤ ወገብ ላይ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በእጅ የሚዳሰሰው ጉብታ እሱ ነው። ያጎነበሰውን ሰውነት ያቃናል፤ ስናጎነብስም ቀስ እያለ በመላላት አወራረዳችንን ይቆጣጠራል። ፍሎይድና ሲልቨር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ ያሳዩት ግን ከዚህ ይልቅ ያስገርማል፦ ሰው እስከ መጨረሻው ሲያጎነብስ የጡንቻው የኤሌክትሪክ ምልክት ይጠፋል፤ ሸክሙን ጅማቶች ይረከቡታል። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ደግሞ ጡንቻው እዚያ ደርሶም ዝም አይልም። «ወገብ የሚያመው ጡንቻው ስለደከመ ነው» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ይደናቀፋል፤ የእነዚህ ሰዎች ጡንቻ ማረፍ ያቃተው ነውና።

የአንገቱን በአጭሩ ልለፈው። ስፕሊኒየስ ጭንቅላትን ያዞራል፣ ሰሚስፓይናሊስ ቀና ያደርጋል፣ ከራስ ቅል ሥር ያሉት አራት ጥንድ ትንንሾች ጥቃቅኑን እንቅስቃሴ ያስተካክላሉ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የተሰገሰጉት ከሁሉ የሚያንሱት ጡንቻዎች አጥንት የማንቀሳቀስ አቅማቸው ኢምንት ነው። በውስጣቸው ግን የጡንቻን መለጠጥ ለአንጎል የሚያሳውቁ ስሜት ተቀባዮች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በብዛት ታጭቀዋል፤ ስለዚህ ዋና ሥራቸው መሳብ ሳይሆን መለካት ነው የሚሉ የአናቶሚ ሰዎች አሉ።

የክርክሩ ባለቤት መልቲፊደስ ነው። አከርካሪውን ተጠግቶ ከዳሌ ጀርባ እስከ አንገት ይዘልቃል፤ ወገብ ላይ በጣም ይደነድናል። ክሮቹ ከታችኛው አጥንት ጎን ተነሥተው፣ ከሁለት እስከ አራት አጥንት ተሻግረው፣ ከላይኛው አጥንት የኋላ ሹል ላይ ያርፋሉ፤ ከኋላ ሲታይ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ የስንዴ ዛላ ይመስላል። አጫጭር ክሮች በብዛት ስለታጨቁበት ርቆ አይስብም፤ በአጭር ርቀት ግን ብዙ ኃይል ያወጣል።

ዝናው የመጣው ከአውስትራሊያ፣ ብሪስበን ካለው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጁሊ ሃይድስና ባልደረቦቿ በ1994 ሕመሙ ገና የጀመራቸውን ሰዎች በአልትራሳውንድ ሲያዩ፣ መልቲፊደስ በሚያማቸው ጎን ከስቶ አገኙት። በ1996 ደግሞ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ጡንቻው በራሱ ጊዜ እንደማያገግም ጻፉ። በዚያው ዓመት ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን ሌላ ነገር መዘገቡ፦ ጤነኛ ሰው ክንዱን ሊያነሣ ሲል የሆዱ ውስጠኛ ጡንቻ ቀድሞ ይወጠራል፤ ወገቡን የሚያመው ሰው ጡንቻ ግን ይዘገያል። ከእነዚህ ግኝቶች አንድ የሕክምና ትምህርት ተወለደ፦ ውስጠኞቹን ጡንቻዎች ለይተህ አሠልጥን፣ አከርካሪው ይረጋጋል፣ ሕመሙም ይሄዳል። እሳቱን ያራገበው የሃይድስ የ2001 ውጤት ነው። ልዩ ልምምዱን ከሠሩት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው 30 በመቶ፣ ካልሠሩት ግን 84 በመቶ ነበሩ። «ኮር» የሚለው ቃል ከክሊኒክ ወጥቶ ጂሙን ሁሉ አዳረሰ። የተሳታፊዎቹ ጠቅላላ ቁጥር 39 መሆኑን ለማንሳት ግን የቸኮለ አልነበረም።

ለንደን የሚሠራው ኦስቲዮፓት ኢያል ሌደርማን በ2010 ይህን ትምህርት አፈ ታሪክ ሲል ጽሑፍ አወጣ። አጻጻፉ ኃይለኛ ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነበር፦ ጡንቻው ከስቶ ነው ሕመሙ የመጣው፣ ወይስ ሕመሙ መጥቶ ነው ጡንቻው የከሳው? አንዱን ወገን የሚያግዝ ማስረጃ የሰጠው ራሱ ሆጅስ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር በ2006 የአሳማዎችን ዲስክ ወይም ነርቭ ሲያቆስሉ መልቲፊደስ በሦስት ቀን ውስጥ ከሳ። በ2016 ደግሞ 29 ሙከራዎችን ያጠናቀረው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት ግምገማ፣ ሥር በሰደደ ሕመም ላይ ልዩ ልምምዱ ከሌሎች እንቅስቃሴዎች የሚበልጥበት ታካሚው ልብ የሚለው ልዩነት አላገኘም።

በእኔ ግምት የብሪስበኖቹ ልኬት ትክክል ነበር፤ የቸኮለው ድምዳሜው ነው። የመልቲፊደስ መክሳት አይካድም፤ በብዙ ታካሚዎች ኤምአርአይ ላይ በስብ ተተክቶ ይታያል። ጠፈር ላይ ወራት ከርመው የሚመለሱ ሰዎችም፣ እዚያ ስፖርት ሲሠሩ ቆይተው እንኳ፣ የወገብ ጡንቻቸው ሳስቶ ይገኛል። ከዚህ ተነሥቶ አንዱን ጡንቻ ነጥሎ ማዳን ይቻላል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ እምነት አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብቷል። ሜይንስቴይ ሜዲካል የተባለው የአየርላንድ ኩባንያ የሠራውን ሪአክቲቭ8 የተባለ መሣሪያ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 ፈቅዶለታል። መሣሪያው በቆዳ ሥር ይተከላል፤ ሽቦዎቹ ለመልቲፊደስ ከሚደርሰው ነርቭ አጠገብ ያርፋሉ። ታካሚው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ጋደም ሲል መሣሪያው ጡንቻውን ያኮማትርለታል። 204 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ መሣሪያው በሙሉ ኃይል ከሠራላቸው መካከል በ120ኛው ቀን እንደተሻላቸው የተቆጠሩት 57 በመቶ ሲሆኑ፣ መሣሪያው ተተክሎላቸው ለይስሙላ ብቻ ከሠራላቸው ሰዎች ደግሞ 47 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መመዘኛ አላለፈም። ኩባንያው ቆይቶ የመጣውን መሻሻል ይጠቅሳል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት የተሳታፊዎቹ ሕመም እየቀነሰ ሄዷልና። ከ120ኛው ቀን በኋላ ግን የይስሙላው ቡድን መሣሪያም በሙሉ ኃይል ስለተከፈተ፣ ያን መሻሻል የሚያነጻጽሩበት ቡድን አልቀረም።