ብሎኑ ላይ የተለጠፈችው ስቲከር

ላፕቶፕ ሲንቀረፈፍ ሰው መጀመሪያ የሚያማው ፕሮሰሰሩን ነው፤ ቀጥሎ ራሙን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሀርድ ዲስኩ ነው፤ በደቂቃ 5,400 ጊዜ እየተሽከረከረ፣ ፋይል ፍለጋ ክንዱን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ የሚውለው። እሱ ወጥቶ ኤስኤስዲ ሲገባ፣ ዊንዶውስ እስኪከፍት ሻይ ያስጠጣ የነበረ ማሽን በሰኮንዶች ይነሳል። አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ብር የሚያጠራቅም ሰው ሳይ፣ አሮጌውን ገልብጬ ጀርባውን ማየት ያምረኛል።

ስለ ዓይነቱ ብዙ አልልም። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች 2.5 ኢንቹን ይወስዳሉ፤ አዳዲሶቹ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን፣ ማስቲካ የሚያክለውን። 2280 የሚል ቁጥር 22 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው፤ ለ2242 በተሠራ ቦታ አይገባም። ኤም ዶት ቱ ሆኖ ሳታ አለ፣ ኤንቪኤምኢም አለ፤ ሳታው በሰኮንድ ከ550 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም፣ ኤንቪኤምኢው በሺዎች ይቆጥራል፣ አንዱን የሚቀበል ማሽን ሌላውን ላይቀበል ይችላል። ይህን ሳያጣራ ገዝቶ ሻጩ ላይ የሚጮህ ሰው አያሳዝነኝም። የዛሬዎቹ ማክቡኮች ማከማቻቸው ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው።

አሁን ወደ ስቲከሯ። ብሎን ላይ የምትለጠፍ፣ «ከተነሳ ጋራንቲ የለም» የምትል ትንሽ ወረቀት አለች፤ ሰው ከሕግ አስበልጦ ይፈራታል። አዲስ አበባ አንድ ጥገና ቤት ተራ ስጠብቅ ቴክኒሺያኑ አንዲቱን ደንበኛ «የኔ እህት፣ ይቺ ከተነሳች ጋራንቲው አለቀ» ሲላት ሰማሁ። «የማን ጋራንቲ?» ብዬ ገባሁበት። «የኩባንያው ነዋ!» ወንድሟ ከአሜሪካ ያመጣላት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። የመለያ ቁጥሩን ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ስናስገባ ጋራንቲው ካለቀ ዓመታት ሆነውታል። ስቲከሯን ጠጋ ብለን ስናያት ደግሞ የፋብሪካው አይደለችም፤ ከዚያ በፊት የጠገነው ሱቅ ስልክ ቁጥር ታትሞባታል።

ጋራንቲው ገና ቢሆንስ? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ በነፃ እስካልሰጠ ድረስ ዋስትናውን «የኔን ዕቃ ወይም የኔን ጥገና ብቻ ተጠቀም» በሚል ቅድመ ሁኔታ እንዲያስር አይፈቅድለትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህችንኑ ስቲከርና መሰል ገደቦችን በተመለከተ ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል፤ ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኔንቲዶ ከነሱ መካከል ነበሩ። ሌኖቮ፣ ዴልና ኤችፒ ደግሞ ለብዙ ሞዴሎቻቸው የጥገና መመሪያ በነፃ ያወጣሉ፤ የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚፈታ፣ ዲስኩ በየት በኩል እንደሚወጣ በሥዕል ያሳያሉ። መክፈት ወንጀል ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ራሱ ካርታውን ባልሰጠ።

ይሁንና የአሜሪካ ሕግ መርካቶ ድረስ አይከተላችሁም። እዚህ ብዙ ጊዜ በእጃችሁ ያለው የሱቁ ጋራንቲ ነው፤ ደረሰኙ ላይ «ከተከፈተ አንመልስም» ካለ ጉዳዩ የእናንተና የሻጩ ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ስትገዙ ኤስኤስዲውን እዚያው ሱቅ አስቀይሩ፣ ወይም ብትከፍቱት ችግር እንደሌለው ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። በቃል የተባለው ሱቁ ሻጭ ሲቀይር አብሮ ይሄዳል።

በየትኛውም አገር ቢሆን ግን የሰበራችሁትን የሚከፍልላችሁ የለም፤ እዚህ ላይ ነው እውነተኛው አደጋ። ክዳኑን በቢላዋ የሚፈለቅቅ አለ፤ የፕላስቲክ ጥርሱ ይረግፋል። ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን መስቀል የሚበላ አለ። ባትሪውን ሳይነቅል እጁን የሚሰድም አይጠፋም፣ እሱን ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ኤም ዶት ቱው ራሱ የዋህ ነው፦ የያዘችው አንዲት ብሎን ስትፈታ ጫፉ በራሱ ቀና ይላል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው። አዲሱም እንዲሁ ዘንበል ብሎ ይሰካል፣ ተጫን ይደረግና ብሎኗ ትመለሳለች። ተጋድሞ እንዲገባ የሚታገለው ሰው ነው ሶኬቱን የሚሰብረው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር በርቶ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሰዎች አጋጥመውኛል። የወጣውን ዲስክም ጋራንቲው እስኪያልቅ አትሽጡት። ስክሪኑ ወይም ኪቦርዱ ተበላሽቶ ማሽኑ ወደ ኩባንያው የሚሄድ ከሆነ አሮጌውን መልሳችሁ ስጡ፤ ፋይላችሁ ያለበት ኤስኤስዲ ቤት ይቀራል።