የአንገት ብረትና የአጥንት እሽቅድምድም

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋን ላይ፣ ሰኞ ማለዳ ቆሞ የሚመለከት ሰው ሸክማቸውን ይዘው ወደ ባቲ ገበያ የሚወርዱ ገበያተኞችን ያያል። እነርሱ ገበያ ሲደርሱ ሸክማቸውን ያራግፋሉ። ነገር ግን ማንኛችንም ቆመን ስንሄድ የማናራግፈው ሸክም አለን፤ ይኸውም 5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው የገዛ ጭንቅላታችን ነው።

ይህን ሸክም የሚሸከሙት 7ቱ የአንገት አከርካሪ አጥንቶች ናቸው። አሠራሩም የመፈንቅል ነው። 50 ኒውተን የሚሆነው የጭንቅላት ክብደት ከመደገፊያው ነጥብ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ የማጅራት ጡንቻ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል። ጡንቻው ሚዛኑን ለመጠበቅ በ25 ኒውተን ይስባል፤ አጥንቱም የሁለቱን ድምር፣ 75 ኒውተን፣ ይሸከማል። አንገታችንን በደፋን መጠን የፊተኛው ርቀት ስለሚጨምር ጫናው ይበረታል።

በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ዲስክ ሲያረጅ ወይም በአደጋ ሲጎዳ ነርቭን ወይም ሕብለ ሰረሰርን ሊጫን፣ ክንድንም ሊያደነዝዝና ሊያዝል ይችላል። በሌላ ሕክምና ካልተሻለ ሐኪሙ በአንገት ፊት በኩል ገብቶ ዲስኩን ያወጣል፤ በምትኩ አጥንት ወይም አነስተኛ ድጋፍ አስገብቶ በቲታኒየም ጠፍጣፋና በብሎን ያስረዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሐኪሞች ተገለጸ። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ለመሆኑ ውጤቱ ምን ይመስላል? አብዛኞቹ ታካሚዎች ከክንድ ሕመም እፎይታ ያገኛሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን መዋጥ ሊያስቸግር ይችላል። ሆኖም ፈዋሹ ብረቱ አይደለም። ብረቱ ሁለቱ አጥንቶች አንድ እስኪሆኑ ድረስ የሚይዝ ምሰሶ ብቻ ነው። አጥንቱ በወራት ውስጥ ካልተጋጠመ፣ ሽቦ ደጋግመን ስናጥፈው እንደሚሰበር ሁሉ፣ ብረቱ ይደክማል፤ ብሎኑም ይላላል ወይም ይሰበራል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው በአጥንት መጋጠምና በብረት መድከም መካከል የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። ሲጋራ ማጨስ አጥንቱን ወደ ኋላ ይጎትታል።

ግትርነትም ዋጋ አለው። የቲታኒየም ግትርነት 110 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን የጠንካራው አጥንት 20 ገደማ ነው። ጀርመናዊው ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳስረዳው አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያርፍበት ነው፤ ብረቱ ጫናውን ሁሉ ከወሰደ አጥንቱ ይሳሳል።

በመጨረሻም፣ የቆመው መገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ወደ ጎረቤቶቹ ይዛወራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት በየዓመቱ ከ100 ታካሚዎች 3 ያህሉ በጎረቤት መገጣጠሚያ አዲስ ሕመም እንደሚያጋጥማቸው አሳይቷል። ምክንያቱ ቀዶ ሕክምናው ይሁን ዕድሜ ዛሬም ያከራክራል።

ውድ አንባቢያን፣ በመኪና አደጋ አንገቱ የተጎዳን ሰው ስታገኙ አንገቱን አታንቀሳቅሱ። ብረት የተሰበረ አጥንትን ይይዛል፤ የተቆረጠ ሕብለ ሰረሰርን ግን አይቀጥልም።