ሚልተን ፍሪድማንና የነፃነት ሚዛን

ወር በደረሰ ጊዜ እኛ ደመወዝተኞች ከስማችን አጠገብ ሁለት ቍጥሮች እናያለን። አንደኛው ሠርተን ያገኘነው ነው፤ ሁለተኛው እጃችን የሚገባው ነው። በመካከላቸው ካለው ልዩነት አብዛኛው ግብር ሲሆን፥ ገንዘቡ ኪሳችንን ሳይነካ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ያልፋል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ቆራሹ ባለቤቱን ቀድሞ ይቆርሳል። ነገሩን ስለ ለመድነው እንዴት እንደ ተጀመረ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

በአሜሪካ አገር ይህን አሠራር ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ፥ የመንግሥት ሥልጣን እንዲያንስ ዕድሜ ልካቸውን የተከራከሩት የኤኮኖሚ ሊቅ ፕሮፌሰር ሚልተን ፍሪድማን ናቸው ብንል፥ ብዙ አንባቢ የሚደነቅ ይመስለናል። ታሪካቸውን የምናነሣውም ስለዚሁ ነው።

ፍሪድማን በ1912 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፥ በብሩክሊን ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ወላጆቻቸው ከምሥራቅ ኤውሮፓ የፈለሱ አይሁድ ሲሆኑ፥ ኑሯቸውም በአነስተኛ ንግድ ነበረ። አባታቸው የሞቱት ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ነው። በስኮላርሺፕ ተምረው፥ ሥራ አጥነት አሜሪካን ባጥለቀለቀበት በ1932 ከራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ከ1946 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2006 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

በ1962 «ካፒታሊዝምና ነፃነት» በተባለው መጽሐፋቸው የገለጹት አሳብ አጭር ነው። ሰው ጉልበቱንና ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ራሱ መምረጥ ካልቻለ፥ የፖለቲካ ነፃነቱም አይጸናለትም። እኛ እንደ ተረዳነው፥ እንጀራውን ከአንድ እጅ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ያንን እጅ ለመቃወም አይደፍርም ማለት ነው። ሕግም የሚመዘነው ባወጡት ሰዎች በጎ ፈቃድ ሳይሆን ባስገኘው ውጤት ነው አሉ።

በዚህ ሚዛን ብዙ ነገር መዘኑ። በ1963 ከአና ሽዋርትዝ ጋር ባሳተሙት የገንዘብ ታሪክ፥ ከ1929 እስከ 1933 በአሜሪካ የነበረው የገንዘብ መጠን በአንድ ሦስተኛ ያህል መቀነሱን አሳዩ። ባንኮችን ከድንጋጤ እንዲያድን የተቋቋመው ማዕከላዊ ባንክ ውድቀቱን ቆሞ አይቷል ብለው ከሰሱት። በ2002፥ በዘጠናኛ የልደት በዓላቸው ላይ፥ የዚያው ባንክ ባለሥልጣን የነበሩት ቤን በርናንኬ ጥፋቱ የባንኩ መሆኑን አምነው ይቅርታ ጠየቁ።

የግዳጅ ውትድርናም ከዚህ ሚዛን አላመለጠም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፥ በ1969 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጉዳዩን እንዲያጠና ያቋቋሙት ኮሚሲዮን አባል ሆኑ። ጄኔራል ዌስትሞርላንድ የቅጥረኞች ጦር ማዘዝ እንደማይሹ በተናገሩ ጊዜ፥ ፍሪድማን የባሪያዎች ጦር ማዘዝ ይሻልዎታልን ሲሉ ጠየቋቸው። ጄኔራሉ ቢቈጡ፥ ወዶ ዘማቹ ቅጥረኛ ከተባለ እኔም ቅጥረኛ ፕሮፌሰር፥ እርስዎም ቅጥረኛ ጄኔራል ነዎት አሏቸው። የግዳጁ ምልመላ በ1973 ቀረ።

ዳሩ ግን ሚዛን የሠራ ሰው እሱም በዚያው ሚዛን ላይ መውጣቱ አይቀርም። ከ1941 እስከ 1943 ወጣቱ ፍሪድማን በአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር የግብር ጥናት ክፍል ይሠሩ ነበር። ከጦርነቱ በፊት የገቢ ግብር ከፋዩ ጥቂት ሲሆን፥ የሚከፈለውም ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ነበረ። የጦርነቱ ወጪ ግን ብዙ ሚሊዮን ሠራተኞችን ግብር ከፋይ አደረገ። ያላጠራቀመ ሠራተኛ የዓመቱን ግብር ባንድ ጊዜ ሊከፍል ስለማይችል፥ ቀጣሪው ከደመወዙ እየቀነሰ እንዲያስገባ በ1943 ሕግ ወጣ። ጦርነቱ በ1945 አለቀ፤ አሠራሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። ፍሪድማን በ1998 ከባለቤታቸው ከሮዝ ጋር ባሳተሙት የትዝታ መጽሐፍ፥ በኋላ አጥብቀው ለነቀፉት ሰፊ መንግሥት መሣሪያውን ሲሠሩ እንደ ነበር በዚያን ጊዜ ፈጽሞ አልታሰበኝም ብለው ተናዘዙ።

ከዚህ የከበደ ጥያቄም አለ። በመጋቢት 1975 ወደ ቺሊ ሄደው፥ በኃይል ሥልጣን የያዙትን ጄኔራል ፒኖቼን አነጋገሩ፤ የዋጋ ንረትን በፍጥነት ስለ መግታትም ምክር ሰጡ። በ1976 ለሽልማቱ ስቶክሆልም ሲደርሱ የተቃውሞ ሰልፍ ጠበቃቸው። እሳቸው ግን፥ ሐኪም ወረርሽኝ ለያዘው አገር ምክር ቢሰጥ መንግሥቱን ደገፈ አይባልም ሲሉ ተከራከሩ። ቺሊ በ1982 ከባድ የኤኮኖሚ ውድቀት ደረሰባት፤ ኋላ ግን ኤኮኖሚዋ አደገ። ይሁን እንጂ ገበያው ነፃ በወጣበት ዘመን ሰዎች ይገደሉና ይሠቃዩ ነበር። የፖለቲካው ነፃነት የመጣው በ1988 ሕዝቡ በድምፁ ጄኔራሉን እምቢ ካለ በኋላ፥ በ1990 ነው። ፍሪድማንም ራሳቸው በ1962ቱ መጽሐፍ ነፃ ገበያ ለነፃነት ያስፈልጋል እንጂ ብቻውን አይበቃም ብለው ነበር። በእኛ አስተያየት ቺሊ የመሰከረችው የዚህን አሳብ ሁለተኛ ክፍል ነው።

እንግዲህ ከእኒህ ሰው ምን እንውሰድ? ገበያን መውደድ ወይም መጥላት ለየአንባቢው የተተወ ነው። ሚዛኑ ግን ለሁላችንም ይጠቅማል፤ በተለይም ነገ ደንብና መመሪያ ለምናረቅቅ ወጣቶች። ፍሪድማን በሠላሳ ዓመታቸው በቅን ልቡና ያዘጋጁት የጦርነት ጊዜ አሠራር አዘጋጁንም ጦርነቱንም አልፎ ኖረ። እኛም ለአስቸኳይ ጉዳይ ብለን ደንብ ስናረቅቅ፥ ጉዳዩ ያለፈ ዕለት ማን እንደሚያነሣው እንጠይቅ፤ የሚያበቃበትንም ቀን በመጨረሻው አንቀጽ ላይ እንጻፍ።